የሚዲ ቦይ ዳር መንገድ በአስፋልት አይሸፈን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአውሮፓ በብስክሌት መጓዝ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችሁ፣ በምኖርበት በደቡብ ፈረንሳይ ስላለው የሚዲ ቦይ ጥቂት ማለት እወዳለሁ። በፒየር ፖል ሪኬ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1681 የተሠራውና ከቱሉዝ ተነስቶ እስከ ቶ ሐይቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ይህ ቦይ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከቱሉዝ ሲወጡ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ወደ ሚኔርቯ የወይን እርሻዎች ሲገባ ግን ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይረግጡት የነበረው የአፈር መንገድ ይቀጥላል። እዚያ ወፍራም ጎማ ያለው የኮረኮንች ብስክሌት ግድ ይላል። ባለፈው መስከረም፣ በወይን ለቀማ ሰሞን፣ ከመሬት የወጣ የፕላታን ዛፍ ሥር ጎማዬን አፈነዳው፤ ተንበርክኬ ስለጥፍ ከማዶ የተጨመቀ ወይን ሽታ ይመጣ ነበር።

መንገዱ በሙሉ አስፋልት ይልበስ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በፈንገስ በሽታ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፕላታኖች ተቆርጠዋል፤ በሽታው የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ፣ የመንገድ ሥራ ማሽን የዛፎቹን ሥሮች ቢቆርጥ የተረፉትንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዝናብ የሸረሸረው ቦታ በጠጠር ተሞልቶ ቢደመደም ለእኛ ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከቱሉዝ