ምጣዱ ሲነዝር ሸበጥ መልስ አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«ምጣዱ ይነዝራል፣ ሸበጥ አድርጊ» የሚለው ምክር በየቤቱ እንደ ደኅና መፍትሔ መቆጠሩ በጣም ያሳስበናል። ምጣድ የሚነዝረው ኤሌክትሪኩ ወደ ላሜራው ስላፈተለከና ላሜራውን ከመሬት የሚያገናኘው ሽቦ ጨርሶ ስለሌለ ወይም አንድ ቦታ ላይ ስለተቋረጠ ነው። የምትጋግረው ሴት እጇ እርጥብ ነው፤ ወለሉም ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው። ዛሬ ነዝሮ የለቀቃት ነገ ላይለቃት ይችላል። ይህ ሽቦ፣ ማለትም የግራውንድ ሽቦው፣ ከፓኔሉ (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) ተነስቶ ሶኬቱና ምጣዱ ድረስ መድረሱን መለካት ማንኛውም ጀማሪ ኤሌክትሪሺያን በጥቂት ሰዓት ልምምድ የሚይዘው ሥራ ነው። ሆኖም ብዙ ቦታ ሥራው ሽቦ ሲገናኝ በሚጮኸው መለኪያ «መልቲሜትሩ ጮኸ» ተብሎ ያልቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽቦ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በኦም ይለካል፤ ለግራውንድ ቁጥሩ ትንሽ መሆን አለበት። የብዙ መልቲሜትሮች ጩኸት ግን 30 እና 40 ኦም ላይም ይሰማል፤ በሽቦው የሚልኩትም ከረንት አንድ ሚሊ አምፔር ገደማ ቢሆን ነው። ከሰባት ክር ስድስቱ የተበጠሰ ሽቦም፣ ብሎኑ ያልጠበቀ ማያያዣም ይጮኻል። ለዚህ ሥራ የተሠራው መለኪያ ቢያንስ 200 ሚሊ አምፔር የሚልክና የኦም መቶኛን የሚያሳይ ነው። እሱ ከሌለ መልቲሜትሩን ከጩኸት ወደ ኦም አዙሮ ቁጥሩን ማንበብ የተቆረጠውን ለማግኘት ይረዳል፤ «ቤቱ ደኅና ነው» ብሎ ለማስረከብ ግን አይበቃም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናው ብሬከር ይጠፋል። ኤሌክትሪክ አለመኖሩን የምናረጋግጥበት ቴስተር መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምናውቀው ቦታ ይሞከራል፣ ከዚያ በምንሠራበት ቦታ፣ ከዚያ እንደገና በመጀመሪያው ቦታ፤ በመሐል የተበላሸ ቴስተር ሰው ይገድላልና ይህ ቅደም ተከተል አይዘለል። ከሶኬት ሁሉም ነገር ይነቀላል። ግራውንዱን ከመሬት ወደሚያገናኘው የተቀበረ ብረት የሚሄደው ሽቦ ከፓኔሉ የሚፈታው ዋናው ብሬከር ከጠፋ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ሥራው ሳያልቅና ሽቦው ሳይመለስ ኤሌክትሪክ አይበራም። የመለኪያው ሁለት ጫፎች ተነካክተው የራሳቸው ኦም ይመዘገብና ከእያንዳንዱ ንባብ ይቀነሳል። 0.2 ኦም ትንሽ ቢመስልም ከምንፈልገው ቁጥር ሊበልጥ ይችላል።

ከዚያ 25 ሜትር ያህል ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይዘረጋል። አንዱ ጫፍ ፓኔሉ ውስጥ ካለው የግራውንድ ማያያዣ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በመለኪያው በኩል የየሶኬቱን የጎን ምላስ (የግራውንዱን መገናኛ) ይነካል። ይህ ሽቦ ብቻውን 0.30 ኦም ገደማ ስላለው እሱም ይቀነሳል። የሚጠበቀውን ቁጥር አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፦ ባለ 1.5 መዳብ ሽቦ በሜትር 0.0121 ኦም፣ ባለ 2.5 ሽቦ 0.0074፣ ባለ 4 ሽቦ 0.0046 ነው። እንግዲህ ከፓኔሉ 20 ሜትር የራቀ ሶኬት በባለ 2.5 ግራውንድ 0.15 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። የቤቱ ሶኬቶች 0.15 እያሉ አንዱ ብቻ 0.9 ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ምላሱ ቀለም ወይም ኖራ ተቀብቷል፣ ወይም ብሎኑ ላልቷል። ከአንድ ሶኬት ጀምሮ ያሉት ሁሉ ካሻቀቡ መጋጠሚያው ከእሱ በፊት ተበላሽቷል። ሽቦውን ነካ ሲያደርጉት ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ያንን ማያያዣ ፈትቶ እንደገና ማሰር እንጂ የተሻለው ንባብ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

ሌላው መንገድ ፓኔሉ ላይ የአንዱን መስመር ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ) እና ግራውንድ ለጊዜው አገናኝቶ ሶኬቱ ላይ በሁለቱ መካከል መለካት ነው። በ20 ሜትሩ ምሳሌ የሁለቱ ሽቦ ድምር 0.30 ኦም ይገኛል። ፌዙና ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው ሽቦ) የተቀያየሩበትን ሶኬትም ያጋልጣል። ሥራው ሲያልቅ ያቺ ማገናኛ ሽቦ ካልተነሳች ግን ብሬከሩ በተበራበት ቅጽበት ሾርት ነው።

ምጣድና ቦይለር ሶኬታቸው ላይ ብቻ መለካታቸው አይበቃም። ጫፉ የላሜራውን ቀለም ፍቆ ብረቱን መንካት አለበት፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የራሱ የምጣዱ ገመድ መቆረጡ ወይም የግራውንድ መስመር በሌለው ኤክስቴንሽን ላይ መሰካቱ ነው።

አንድ አደገኛ ልማድ በዚህ ምርመራ አብሮ ይያዛል። ግራውንድ የጠፋባቸው አንዳንድ ሠራተኞች ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ምላስ ጋር ያገናኙታል። መልቲሜትር ይጮኻል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ኒውትራሉ ከምሰሶ እስከ ሶኬት አንድ ቦታ ከተበጠሰ ግን እዚያ የተሰካው ዕቃ ላሜራ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ይህን ለመያዝ የኒውትራሉን ሽቦ ከፓኔሉ ፈትቶ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል መለካት ነው፤ ምንም መገናኘት መታየት የለበትም።

ሽቦው ቢደርስም የተቀበረው ብረት ለብቻው ይለካል። ባለ ሦስት ገመዱ የመሬት መለኪያ አንዱን ችካል ከብረቱ 20 ሜትር፣ ሌላውን 12 ሜትር ገደማ ላይ ይተክላል፤ የመሐሉ ሁለት ሜትር ወዲያና ወዲህ ተነቅሎ ሲተከል ንባቡ ካልተለወጠ ቁጥሩ ይታመናል። በክረምት የተለካ ቁጥር ያታልላል። ዋልካ መሬት በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይለያያል፤ ስለዚህ መለካት ያለበት በበጋ ነው። ጨው መነስነስ ለጥቂት ጊዜ ቁጥሩን ያወርዳል፣ ከዚያ ዝናብ ያጥበዋል፣ ብረቱም ይበላል።

ብረቱ 20 ኦም ቢሆን እንኳ 220 ቮልት ሲካፈል ለ20 የሚያልፈው 11 አምፔር ነው። የምጣዱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር በ11 አምፔር አይወድቅም፤ ላሜራው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጠው አር ሲ ዲ የግድ ያስፈልገዋል። በላዩ ያለው የሙከራ ቁልፍ የሚፈትነው ራሱን መሣሪያውን እንጂ የግራውንድ ሽቦውን አለመሆኑንም አንባቢ ይወቅልን። ምጣድ በተሰካ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ ምጣዱ ይጠገን፤ አር ሲ ዲውን አልፎ መስመር መቀጠል ያንኑ የሚነዝር ምጣድ መመለስ ነው።

አሠልጣኞችን የምንለምነው ተማሪው ሳይለካ መስመር እንዳያስረክብ ነው። የቤት ባለቤቶችን ደግሞ ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የየሶኬቱን ኦም፣ የብረቱን ኦምና የተለካበትን ቀን በወረቀት እንዲቀበሉ። ወረቀቱ በፓኔሉ በር ውስጥ ይለጠፍ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ የሚያነጻጽርበት ቁጥር ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ተከላ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ