የአትክልትና ተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሲመሽ የሚያብቡ አበቦች

የአትክልትና ተፈጥሮ ክበባችን የዘንድሮ ሥራውን ሲመሽ በሚያብቡ አበቦች ላይ ለማድረግ የወሰነው በዓመቱ መጀመሪያ በተካሄደው ስብሰባ ነበር። ሐሳቡ ሲነሣ ወዲያው አንድ ችግር ታየ፤ ተማሪዎቻችን ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ የሚከፈት አበባ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቢተከል የሚያየው ዘበኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የክበቡ መደብ በየአባላቱ ቤት እንዲሆን ተስማማን፤ ከቀበናና ከግንፍሌ የጋራ ግቢዎች ጀምሮ እስከ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ድረስ፣ በአሮጌ ባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በወተት ጣሳ ሳይቀር ተተከለ። እያንዳንዱ አባል አበባው የተከፈተበትን ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታና የጎበኙትን ነፍሳት በደብተር እንዲመዘግብ ተደረገ። እኔም እንደ አስተባባሪነቴ ከአበባው ብዛት ይልቅ የምጠይቀው ይህንኑ ደብተር ነበር፤ ቅር የተሰኙ አልጠፉም።

ከመትከላችን በፊት ወደ ቤት የማይገቡትን ለየን። በየመንገዱ ዳርና በባዶ ቦታ የሚበቅለው አጠፋሪስም ሆነ በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች ለውበት ተብሎ የሚተከለው፣ ረጅም አበባው ቁልቁል የሚንጠለጠለው ብሩግማንሲያ ሲመሽ የሚያምሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሥራቸው እስከ ፍሬያቸው መርዛማ ስለሆኑና በውስጣቸው ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ሰውን ከማስቃዠት አልፈው ለሞት ሊያበቁ ስለሚችሉ፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ እንዳይተከሉ ከልክለናል።

አብዛኛው ሥራችን ያረፈው በሚራቢሊስ ላይ ነው። ይህ የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ተክል ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ገደማ መከፈት ይጀምርና በማግሥቱ ጠዋት ይጠወልጋል፤ አፈር አይመርጥም፣ ላዩ ቢደርቅም ከወፍራም ሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ለሥነ ሕይወት ትምህርት ያለው ጥቅም ደግሞ ከውበቱ ይበልጣል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ኮረንስ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጥናት፣ ቅጠሉ ዥንጉርጉር በሆነ ሚራቢሊስ ላይ የችግኙን የቅጠል ቀለም የሚወስነው የወንዴው ብናኝ የመጣበት ተክል ሳይሆን ዘሩን የሰጠው የእናቲቱ ቅርንጫፍ መሆኑን አሳይቷል። አባሎቻችን የሞከሩት ቀለል ያለውን፣ ቀይ አበባን ከነጭ ማዳቀልን ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ እምቡጡ ሳይከፈት በመርፌ ጫፍ ሰንጥቆ የወንዴ ዘንጎቹን በወረንጦ መንቀል፣ ሲመሽ የሌላውን ተክል ብናኝ በሴቴዋ ዘንግ ጫፍ ላይ መቀባት፣ ከዚያም በሻሽ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ከአንድ አበባ የሚገኘው ቁንዶ በርበሬ የሚያህል አንድ ጥቁር ዘር ብቻ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ሻሹን ከፍታ ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ ጠፍቶ ስታገኘው፣ በደብተሯ «ከዛሬ ጀምሮ ሻሹ ከሥሩም ይታሰር» ብላ የጻፈችው መመሪያ ሆኖ ለሁሉም ተነግሯል።

የጨረቃ አበባ የተባለው ሐረግ ብዙም አልተሳካም። ዘሩ ጠንካራ በመሆኑ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ብናሳድረውም፣ የኅዳር ብርድ አብዛኛውን ችግኝ ጨርሶታል፤ የተረፉት የቀኑን ሙቀት ይዞ በሚያመሽ የድንጋይ ግንብ ጥግ የተተከሉት ናቸው። ለከተማችን ብርድ የአገራችንን ጠምበለል የሚተካከል እንደሌለ በዚሁ አጋጣሚ ለመናገር እወዳለሁ።

የሌሊት ንግሥት የሚባለውና መገኛው ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ጓቲማላ የሆነው ቁልቋል ግን የዓመቱ መነጋገሪያ ነበር። ግንፍሌ በሚገኘው የአንድ አባላችን አያት ቤት ለዓመታት የኖረው ተክል እምቡጡ ቀና ብሎ መወፈር ሲጀምር ልጁ ለክበቡ አስታወቀ፤ ያን ምሽት አያቱ ቡና አፍልተው ጎረቤቶችና ጥቂት አባላት ከወላጆቻቸው ጋር ተሰበሰቡ። እንደ ደብተሩ ከሆነ አበባው ምሽት 2 ሰዓት ላይ መላቀቅ ጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ ሲነጋ ተልፈስፍሶ ተገኝቷል። ቁራጭ የወሰዱ አባላት ቁስሉ ለጥቂት ቀናት በጥላ ሥር እስኪደርቅ ጠብቀው አሸዋ በበዛበት አፈር ተክለዋል፤ አበባውን ለማየት ግን ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ እንደሚኖርባቸው ተነግሯቸዋል።

ደብተሮቹን ጎን ለጎን ስናነብ አንድ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዲሶቹ የመንገድ መብራቶች ግቢያቸውን የሚያበሩላቸው አባላት በሚራቢሊሳቸው ላይ የመዘገቡት የእሳት እራት፣ ከመንገድ ገባ ባሉ ጨለማ ግቢዎች ከተመዘገበው በእጅጉ ያነሰ ነው። ረጅም ምላስ ያላቸው እነዚህ ነፍሳት አበባውን የሚያገኙት በመዓዛው ሲሆን፣ ብርሃን ደግሞ ከመንገዳቸው ይስባቸዋል። በመጪው ዓመት አባላት ተጣምረው በአንድ ምሽት በሁለቱም ዓይነት ግቢ እንዲቆጥሩ ታቅዷል።

የተዳቀሉት ዘሮች በየስማቸው በወረቀት ፖስታ ታሽገው በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ይዘራሉ። ደብተራቸውን እስካሁን ያላስረከቡ አባላት ከፈተናው በፊት ለክበቡ ጸሐፊ እንዲያስረክቡ አደራ እላለሁ።