መረቡን የቀደደው ሁሉ አቆስጣ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ጎርጎራ ላይ አሳ ጠብሼ የምተዳደር ሴት ነኝ። ጠዋት ከአስጋሪዎቹ እቀበላለሁ፣ እገፍፋለሁ፣ እሰነጥቃለሁ። ለምሳ የሚመጣውን ሰው በጥብስና በለብለብ አስተናግዳለሁ። የተረፈውን ደግሞ ወደ ጎንደር በሚወጣው መኪና ለምግብ ቤቶች እልካለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ስለ አቆስጣ፣ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ እየዋኘ ስለሚያድነው ባለ ፀጉር እንስሳ፣ ልጽፍ ስለሆነ ነው። አቆስጣ አሳ ይበላል፤ እኔም የምኖረው በአሳ ነው። "አንቺ ምን ጎድሎብሽ ነው ለእሱ የምትከራከሪው?" የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እኛ ጋ የአቆስጣ ወሬ በዝቷል። አንዱ ድርማ ወንዝ ከሐይቁ በሚገባበት ቦታ ሁለት ሆነው ሲዋኙ አይቷል። ሌላው መገጭ ወንዝ አፉ ላይ ካለው የደንገል ሣር ውስጥ ከነልጆቿ ስትወጣ አግኝቷታል። እኔም በጀልባ በማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም በኩል ስናልፍ አንዱን ድንጋይ ላይ ወጥቶ አይቼዋለሁ። መልኩ ቡናማ ነው። ከአገጩ እስከ ደረቱ ግን ነጭ ነው። ጅራቱ ሥሩ ላይ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከሁሉ የገረመኝ እጁ ነው። የፊት እግሮቹ ጥፍር የላቸውም፤ ጣቶቹ ቁርጥ የሰው ጣት ናቸው። ሸርጣን ይዞ ነበር። በሁለት እጁ አገላብጦ፣ ቅርፊቱን ሰብሮ እስኪጨርስ ድረስ ቆመን አየነው። ከጎንደር የመጡት እንግዶች ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። ባለጀልባው ግን ምራቁን እንትፍ አለና "ይኼ ሌባ!" አለ።

ያው ሁለቱም ስሜት አብሮን አለ። ወደቡ ላይ ሰላምታ የሚሰጡት የለም። ልጆች ሲያዩት ድንጋይ ያነሳሉ። አንዲት እናት ደግሞ ጠዋት ጠዋት እሱን ማየት ገድ የለውም ብለው ፊታቸውን ያማትባሉ። መገጭ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣ አንድ ጎልማሳ ግን "እኔን ምን አድርጎኝ? ማታ ማታ ልጆቿን ይዛ ስታልፍ እያየሁ ነው የማመሸው" ብሎ ነግሮኛል።

ከጥቂት ሳምንት በፊት አንዷን ገድለው ዳር ላይ ጥለዋት አየሁ። በዱላ ነው የመቷት። ጡቷ ወተት የያዘ ነበር። የአቆስጣ ልጅ ከእናቱ ጋር ብዙ ወራት ቆይቶ ነው አደን የሚለምደው። ደንገሉ ውስጥ የቀሩት ልጆቿ መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ማን እንደገደላት አውቃለሁ፤ ግን ስሙን አልጽፍም። አሳ የምቀበለው ሰው ነው። ክፉ ሰውም አይደለም። የቸገረው ሰው ነው።

ስለ ችግሩ ደግሞ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። መረብ ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውዬው ተበድሮ የገዛውን መረብ ማታ ጥሎ ይመጣል። ጠዋት ሲያነሳው መሃሉ ተቦጭቋል። ከቆሮሶ አሳው ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቷል። "እትዬ፣ ዛሬ ከአውሬው የተረፈችኝ ይቺ ናት" ብሎ ግማሽ አሳ ሲያሳየኝ ምን እለዋለሁ? ግማሽ አሳ እኔም አልገዛም። ስለዚህ "እንስሳው ምስኪን ነው፣ ተወው" ብሎ ከጎንደር ሆኖ መምከር ቀላል ነው። ሰውዬው የሚጠይቀው ልጆቼን ምን ላብላ ነው።

ነገር ግን መረቡን የቀደደው ሁሉ አቆስጣ አይደለም። ይህንን አስጋሪዎቹም ልባቸው ያውቀዋል። ጣና ላይ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ያለፈበት መረብ ቀዳዳው ሰው ያሳልፋል። አርጃኖ አለ፤ እሱም መረብ ላይ የተያዘ አሳ ይቦጭቃል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እምቦጭ ነው። ነፋስ ሲነዳው መረቡን ከነአሳው ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። እምቦጭን ግን በዱላ መግደል አይቻልም። ጉማሬ ላይ ደግሞ ማንም ዱላ አያነሳም። ስለዚህ ንዴቱ ሁሉ አቅም በሌለው ላይ ያርፋል።

ልጄ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምራለች። እሷ እንዳስረዳችኝ በአገራችን ሁለት ዓይነት አቆስጣ አለ። አንዱ ትልቁ፣ ጥፍር የሌለው ነው፤ እኔ ያየሁት እሱን ነው። ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። ወንዝ ውስጥ ዋና ምግቡ ሸርጣን ነው። በእጁ ድንጋይ ሥር እየዳበሰ ያወጣዋል። እንቁራሪትና አሳም ይበላል። ሌላው ትንሹ፣ አንገቱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ባለ ጥፍር ነው፤ ዋና ምግቡም አሳ ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ወደ ድርማ ወረድን። ድንጋዩ ላይ የጣለውን አይነ ምድር በእንጨት በታተነችው። የሸርጣን ቅርፊት ስብርባሪ ሞልቶታል። የአሳ አጥንትም ነበረበት፤ ግን ጥቂት ነው። አሳ አይነካም አልልም። ሐይቁን ባዶ ያደረገው እሱ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

ሐይቁን ያራቆትነው እኛ ነን። እኔ የአሳ ሆድ የምሰነጥቅ ሴት ስለሆንኩ ይህንን በእጄ አውቀዋለሁ። ጣና ውስጥ ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች 17 ዓይነት ቆጥረዋል። 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ የሚወልዱባቸው ቤቶቻቸው ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ያኔ ነው መረብ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው። ነሐሴ ላይ የሚመጣልኝን ነጭ አሳ ስሰነጥቀው ሆዱ እንቁላል ብቻ ነው። አንዷን ለጥብስ ስናወጣ ስንቱን የከርሞ አሳ አብረን እንደምንጥል አስቡት።

ሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ሐይቁ ላይ በስፋት የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ለመውለድ የደረሰው ነጭ አሳ በክብደት 75 በመቶ አካባቢ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አሁን ደግሞ ውሃ ውስጥ የማይታየው፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነው የላስቲክ መረብ መጥቷል። ጫጩቷንም አይምርም። ተቀዶ ሲጣል እንኳን ውሃ ውስጥ ሆኖ ይገድላል። አቆስጣው ራሱ ተጠምዶበት ታፍኖ ይሞታል፤ ውሃ ውስጥ ይዋኛል እንጂ የሚተነፍሰው እንደ እኛ በአየር ነው።

ማደሪያውም እያለቀ ነው። ውሃው ሲሸሽ ባህር ሸሹን መሬት አርሰን እንዘራለን። ደንገሉን እናጭዳለን፤ የቀረውን ከብት ይግጠዋል። አቆስጣ ቀን ቀን የሚተኛውና የሚወልደው እዚያ ደንገልና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ዘንድሮ በየቦታው ታየ ማለት ቁጥሩ በዛ ማለት አይመስለኝም። የሚደበቅበት አጥቶ ዓይናችን ውስጥ እየገባ ነው። ማንዳባ በኩል ዛፉም ደንገሉም ስላልተነካ ነው ተረጋግቶ ያገኘነው።

የእንግሊዞቹን ታሪክ የነገረችኝም ልጄ ናት። እነሱ ለብዙ መቶ ዓመታት በውሻ እያደኑ ይጫወቱበት ነበር። ያም ሆኖ አልጠፋም። በአብዛኛው ወንዛቸው የጠፋው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ምክንያቱ ዲልድሪንና መሰሎቹ የሚባሉ ጸረ ተባይ መድኃኒቶች ናቸው። ዘር ላይ የተለወሰው መርዝ በጎርፍ ወንዝ ገባ፣ አሳው ውስጥ ተጠራቀመ፣ አሳውን የበላው አቆስጣ አለቀ። መርዙን ቀስ በቀስ ከለከሉ። በ1978 አቆስጣን መግደል በሕግ ተከለከለ። እየተመለሰ መጥቶ በ2011 በሁሉም የእንግሊዝ አውራጃዎች ውስጥ ተገኘ። ሲመለስ ግን ሁሉም እልል አላለለትም። ኩሬ ቆፍረው ትልልቅ አሳ የሚያረቡ ሰዎች "አከሰረን" ብለው አሁንም ይከራከራሉ። ኩሬያቸውን አጥር ያጥራሉ። ስለዚህ ጭቅጭቁ የእኛ ብቻ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጭቅጭቁ ሳይሆን መርዙ ነው። እኛ አካባቢ ደምቢያ ላይ ሽምብራው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ሁሉ ይረጫል። የመርጫው ዕቃ የሚታጠበው የት ነው? ወንዝ ውስጥ። ባዶው ጠርሙስ የሚጣለው የት ነው? እዚያው ዳር። በዚያው ውሃ እኔ አሳ አጥባለሁ፣ ልጆች ይዋኛሉ። አቆስጣ ውሃው ሲበከል ቀድመው ከሚታመሙት እንስሳት አንዱ ነው። ስለ እሱ ስንነጋገር ስለ ራሳችን ጤናም እየተነጋገርን ነው። ይህንን ለግብርና ባለሙያዎቹ አንስቼላቸው ነበር። ገበሬው ዕቃውን ከወንዝ ርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ እንዲያጥብ ማስተማር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ወንጀል ነው። ጣና ራሱ በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ወደብ ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ ብትሉኝ ግን ማንን እንደማሳያችሁ አላውቅም። መቆጣጠሪያው ቢመጣ እንኳ የሚይዘው ባለ ታንኳውን ድሃ እንዳይሆን እፈራለሁ። የላስቲክ መረቡን በጅምላ የሚያስገባው ነጋዴ ሱቁ ክፍት ነው።

ለአስጋሪ ወንድሞቼ የምለምነው አለ። መረባችሁን ከወንዝ አፍና ከደንገል ራቅ አድርጉት። ማታ ጥላችሁ እስከ ረፋድ አታቆዩት፤ ጎህ ሲቀድ አንሱት። አሳው መረብ ላይ ሲቆይ ነው አቆስጣም አርጃኖም የሚለምደው። ከእኔ አሳ ከሚያመጡት አንዳንዶቹ እንዲህ ማድረግ ጀምረዋል፤ የተቦጨቀ አሳ ቀንሶላቸዋል። ለባለጀልባዎችም እንዲሁ። መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳ በመጣ ቀን ያ "ሌባ" ያላችሁት እንስሳ ነው ሰውን ሁለተኛ ዙር ጀልባ የሚያስከራየው። እነዚያ የጎንደር እንግዶች ሲመለሱ ምሳቸውን እኔ ቤት በልተው ያወሩት ስለ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን የቀረኝ ለጎንደር ምግብ ቤቶች የምለው ነው። ከፒያሳ እስከ አዘዞ አሳ የምታቀርቡ ሁሉ፣ ገዢዎቹ እናንተ ናችሁ። እናንተ ካልገዛችሁ ማንም ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይዘረጋም። እኔ ከከርሞ ሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ ነጭ አሳ ከማንም አልቀበልም። ገበያዬ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ፍልሰታ ላይ አሳ የሚፈልግ ሰው ብዙ ስለሆነ ቀላል አይደለም። ለደንበኞቼ በእነዚያ ወራት የምልከው ከሐይቁ መሃል የተሰገረ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ነው። ነጭ አሳ ካልሆነ የሚል ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ። እናንተም ከምታስመጡበት ሰው ጋር ክረምት ሳይገባ ተነጋገሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አሳ ጠባሽ
ጎርጎራ