ለልጄ፦ «ታዲያ ምን ሆነ?» ላልሽኝ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የላከችልሽ በርበሬና ሽሮ ደርሶሽ ከሆነ ደውለሽ ንገሪያት። በየቀኑ እኔን ነው የምትጨቀጭቀኝ።

ባለፈው ስናወራ አንድ ነገር ጣል አድርገሽብኝ ሄድሽ። «አባቢ፣ ኔት ኒውትራሊቲ ከሞተ ቆየ እኮ፤ ታዲያ ምን ሆነ? ኔትፍሊክሱም ዩቲዩቡም ያው ነው» አልሽኝ። ክፍል ገብተሽ ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን ግን ተረጋግቼ ልመልስልሽ።

በአንድ ነገር እውነትሽን ነው። በ2017 የኢንተርኔት ኩባንያዎች ሁሉን በእኩል እንዲያሳልፉ የሚያስገድደው የአሜሪካ ደንብ ሲሻር «ኢንተርኔት አበቃለት» ብለው የጮኹ ሰዎች አጋነውታል። (ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ ነው።) ሰማይ አልተደፋም። ለምን እንዳልተደፋ ግን ማወቅ አለብሽ።

ጥያቄው ይህ ነው። ኢንተርኔት የሚሸጥልሽ ኩባንያ በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ በእኩል ያሳልፍ ወይስ «ይሄ ይለፍ፣ ያ ይንቀርፈፍ፣ ለዚህ ጨምሩ» የማለት መብት ይኑረው? ቲም ዉ የሚባል የሕግ ምሁር በ2003 «ኔት ኒውትራሊቲ» ብሎ ስም አወጣለት። ጠቡ እውነተኛ መሆኑን ለማየትም ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም።

በ2005 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ማዲሰን ሪቨር የሚባል አነስተኛ የስልክ ኩባንያ ነበር። ኢንተርኔትም ይሸጣል። ደንበኞቹ በኢንተርኔት በርካሽ በሚያስደውለው በቮኔጅ መደወል ሲጀምሩ ዘጋባቸው። የራሱን የስልክ ገበያ እየተሻማበት ነዋ! ኤፍሲሲ፣ ማለትም የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ደረሰበት። ኩባንያው 15,000 ዶላር ከፍሎ መስመሩን ከፈተ።

አንቺ ይሄን ስትሰሚ የድሮ ታሪክ ይመስልሻል። እኔ ግን ያን ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ የምንደውለው በካርድ ነበር። ከሐበሻ ሱቅ የ5 ዶላር ካርድ ገዝተሽ በሳንቲም ትፍቂያለሽ፤ ያን ረጅም ቁጥር አንድ በአንድ ትነኪያለሽ፤ አንዲት ሴት «ይሄን ያህል ደቂቃ አለዎት» ትልሻለች። ግማሹ ሳይደርስ ጭጭ! አያትሽ እዚያ ማዶ «ሃሎ? ሃሎ?» እያሉ ይቀራሉ። ዛሬ በቫይበርና በዋትስአፕ እየተያየን ቡናው እስኪፈላ የምናወራው አንድ ሰው መተግበሪያ ሠርቶ የማንንም ቴሌ ፈቃድ ሳይለምን በዚያው መስመር ማሳለፍ ስለቻለ ነው።

ትልልቆቹም ሞክረዋል። በ2007 ሮብ ቶፖልስኪ የሚባል ሰው የድሮ ዘፈኖች ፋይል መለዋወጫ በሆነው በቢትቶረንት ሊያጋራ ሲል እምቢ አለው። መረመረና የሚያቋርጠው ኢንተርኔት የሚሸጥለት ኩባንያ፣ ኮምካስት ራሱ እንደሆነ ደረሰበት። የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕረስም ሊያጣራ ፈልጎ ምን ላከ መሰለሽ? መጽሐፍ ቅዱስ። ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ተቋረጡ፤ ሦስተኛው ደግሞ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ጀመረ። ኮምካስት መጀመሪያ ላይ «እኛ አናግድም» ብሎ ነበር። ኤፍሲሲ በ2008 አቁም አለው፤ በ2010 ደግሞ ፍርድ ቤት «ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የለህም» ብሎ ኤፍሲሲን መለሰው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዥዋዥዌ ነው። በ2015 በኤፍሲሲ ሊቀመንበር በቶም ዊለር ጊዜ ጠንካራው ደንብ በኮሚሽኑ አባላት ድምፅ ሦስት ለሁለት ጸደቀ። በ2017 በአጂት ፓይ ጊዜ ሦስት ለሁለት ተሻረ። በ2024 እንደገና ሦስት ለሁለት ተመለሰ። ኮሚሽኑ ውስጥ ዴሞክራቶች ሲበዙ ይጸድቃል፣ ሪፐብሊካኖች ሲበዙ ይሻራል። በጃንዋሪ 2, 2025 ደግሞ ሲንሲናቲ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ኢንተርኔትን እንደ ስልክ አገልግሎት ቆጥራችሁ መቆጣጠር አትችሉም ብሎ ጣለው። ኮንግረስ ይህን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብሎ አየ። እኔን የሚያናድደኝ ከኩባንያዎቹ ይልቅ እሱ ነው።

የሕዝቡ አስተያየት ነገርማ አይወራ። በ2017 ደንቡ ይሻር አይሻር በሚለው ላይ ለኤፍሲሲ 22 ሚሊዮን ገደማ አስተያየት ገባ። የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በኋላ ሲያጣራ 18 ሚሊዮን ያህሉ የሐሰት ሆኖ ተገኘ። 8.5 ሚሊዮኑ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በከፈሉት ገንዘብ ደንቡ እንዲሻር በሰዎች ስም የተላከ ነው። 7.7 ሚሊዮኑን ደግሞ ደንቡ እንዲቆይ የሚፈልግ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ብቻውን በሶፍትዌር ላከው። የአንቺ እኩያ! እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንዳላይሽ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ምንም ያልሆነበት አንዱ ምክንያት አንቺ ያለሽበት ስቴት ነው። ካሊፎርኒያ በ2018 የራሷን ሕግ አወጣች። ኩባንያዎቹ ከሰሷት፤ አሸነፈች። ሕጉ በ2021 ሥራ ላይ ሲውል የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ፣ የከፈሉት ኩባንያዎች አገልግሎት ከደንበኛው ዳታ እንዳይቆጠር የሚያደርገውን ፕሮግራሙን በመላ አገሪቱ አቆመ። ለአንድ ስቴት ብቻ ለይቶ ማጥፋት እንደማይመቸው ራሱ ተናገረ። ስለዚህ ምንም አልሆነም ስትይ፣ ያልሆነው አጥር ስላለ ጭምር ነው።

ኩባንያዎቹ የሚሉትም ሁሉ ውሸት አይደለም። ኬብል መዘርጋት ውድ ነው፤ ቪዲዮ መስመሩን ያጨናንቃል። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይክፈል ቢሉኝ አልቃወምም፤ መብራትም ውኃም እንደዚያው ነው። ግን ዳታውን አንዴ ከገዛሁ በኋላ ምን እንደማይበት፣ በምን እንደምደውልበት ኩባንያውን ምን አገባው?

አጥር የሌለበትን ማየት ከፈለግሽ ዱባይ ያለችው አክስትሽ አለችልሽ። እዚያ በዋትስአፕ ጽሑፍ ትልኪያለሽ፣ ፎቶ ትልኪያለሽ፤ ስትደውዪ ግን ይጠራል፣ ታነሳዋለች፣ ድምፅ የለም። ስልኩ ደህና ነው፣ ኔትወርኩም አለ። የኢንተርኔት ጥሪ ክልክል ነው፤ የተፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉ ጥቂት መተግበሪያዎች ናቸው። እንደ ቦቲም ላለው ደግሞ የጥሪ ፓኬጅ ይሸጣል። በ2018 መጀመሪያ ሲወጣ በወር 50 ድርሃም ነበር። ሰው ቤት ሠርታ ለምትኖር ሴት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። አንድ ጊዜ ለዳታው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዳታው ለመደወል ትከፍላለች።

አገር ቤት ያየነው ኢንተርኔት መዝጋት ሌላ ነው። በ2020 ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲጠፋ ሦስት ሳምንት ያህል ወሬ ተቆርጦብን ከረምን። ያንን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጮህበታል። አንዱ ነገር ተለይቶ ሲንቀራፈፍ ግን ሰው የሚረግመው ስልኩን ነው።

የዛሬው በዛብሽ መሰለኝ። አክስትሽ እረፍቷ እሑድ ነው፤ ድምፅሽን ከሰማች ቆይታለች። ቦቲም ጫኚና ደውዪላት፤ እሷ ላይ ያለው የሰዓት ልዩነት ብዙ ነው፣ ጠዋት ስትነሺ አድርጊው።

አባትሽ