ፎቶው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ እባብ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ አንድ ፎቶ አውጥታችኋል። የመስታወት ገንዳ ውስጥ የተጋደመ፣ ቡናማ፣ ቀጠን ያለ ነገር። ሥሩ «የኤሌክትሪክ እባብ፤ የነካው አይተርፍም» ይላል። እባብ አይደለም፤ ኤሌክትሪክም የለውም። ውኃ ስቀይር ስንቴ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ይኸው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው።

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሳሎኔ ውስጥ ሁለት አሉኝ። ፈረንጆቹ «ገመድ ዓሣ» ይሉታል። አገሩ ናይጄሪያ፣ ቤኒንና ካሜሩን ነው፤ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ሸምበቆ የበዛበት ውኃና ረግረግ። ሳይንሳዊ ስሙም የናይጄሪያዋን ካላባርን ይዟል። «የኤሌክትሪክ እባብ» ያላችሁት፣ የኤሌክትሪኩ ዓሣ፣ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ጥናት አንዱን ሲለኩት 860 ቮልት እንደ ደረሰ ጽፏል። እሱን ሳሎኑ ውስጥ የሚያሳድር ሰው ካለ እኔን እራት አይጥራኝ።

ለመለየት ጀርባውን ማየት ይበቃል። የኤሌክትሪኩ ጀርባ ላይ ክንፍ የለም፤ ሆዱ ሥር ነው አንድ ረጅም ክንፍ ያለው። ገመድ ዓሣ ግን ከወገቡ እስከ ጅራቱ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ትንንሽ ክንፎች አሉት። ፎቶአችሁ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ስህተቱ ግን አይገባኝም አልልም። ሁለቱም ረዣዥም ናቸው፣ ሁለቱም ወደ ላይ እየወጡ አየር ይስባሉ።

እኔም ስገዛው ከእናንተ የተሻለ አላውቅም ነበር። የሸጠልኝ ልጅ «ከስንዝር ብዙም አያልፍም፣ ከትንንሾቹ ጋር በሰላም ይኖራል» አለኝ። ዛሬ ትልቁ 35 ሳንቲም ሊሞላ ነው። ሰላሙን በተመለከተ፣ ኒዮን የሚባሉ ባለ ሰማያዊ መስመር ትንንሽ ዓሦች ነበሩኝ፣ ስድስት። አንድ ቀን ጠዋት ስቆጥር አምስት ሆኑ። በማግስቱ አራት። መጀመሪያ ልጆቹን ጠረጠርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ገንዳው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ገመዶች ብቻ ነበሩ፣ እንጨት ሥር እንደ መቀነት ተጠቅልለው ተኝተው።

አበላሉ ግን ያስቀኛል። ዓይኑ ደካማ ነው። አፍንጫው ላይ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች አሉት፤ ምግቡን የሚያገኘው እያሸተተ ነው። መብራት አጥፍቼ የመሬት ትል ወይም የተቆራረጠ ሽሪምፕ እጥልለታለሁ። ይነቃል፣ ይዞራል፣ ትሉን ረግጦት ሊሄድ ምንም አይቀረው፣ አልፎት ይሄዳል፣ ከዚያ ቆም ብሎ ይመለሳል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ቤቱን የሚያምስ ሰው ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፎቶአችሁን አይቶ «እኔም ልግዛ» የሚል አንባቢ አይጠፋምና፣ ከዓሣው በፊት ስለ ክዳኑ ያስብ።

አማቴ ለልጃችን ክርስትና ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። እኔ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስገባ የቤቱ መብራት ሁሉ በርቷል። አማቴ ሶፋው ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው ጠበል ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በል! ጫማው ሥር ገብቷል። እባብ ነው!»

እውነትም ጫማ መደርደሪያው ሥር ነበር። የምንጣፍ ብናኝና ፀጉር ለብሶ ይሳባል። እጄን በውኃ አርሼ አነሣሁትና ገንዳው ውስጥ መለስኩት። አንዴ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሳበ፣ እንጨቱ ሥር ገባ፣ በቃ።

«ሳንባ አለው እኮ እማማ፣ ለዚያ ነው ያልሞተው።»

«ሳንባ ካለው ዓሣ አይደለማ!»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጾም ላይ ነበርን። ሳንባ ያለው ዓሣ ይጾማል ወይስ ይበላል የሚለው ክርክር ባለቤቴንም ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

በየት ወጣ? ክዳን ነበረው። የማጣሪያው ቱቦ የሚገባበት ጥግ ላይ ግን ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀርታ ነበር። ራሱ ካለፈ ሌላው ይከተላል። አሁን ያቺን ቀዳዳ በስፖንጅ ጠቅጥቄአታለሁ፣ ክዳኑ ላይም ክብደት ጭኛለሁ። ውኃውን እስከ አፍ አልሞላም፤ አየር የሚስብበት ቦታ ይፈልጋል። ያን ሌሊት የተረፈው እኔ በጊዜ ስለ ደረስኩ ነው። ሳንባ ቢኖረውም ቆዳው ከደረቀ አለቀለት።

በፈረንጆቹ 2014 ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ቢቺር የሚባለውን የዚህን ዓሣ የቅርብ ዘመድ እርጥብ መሬት ላይ 8 ወር አሳድገውት፣ ውኃ ውስጥ ካደጉት የተሻለ መራመድ ችሏል። ይህን ለእማማ አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ «በል ወንዝ ውስጥ ጣለው» አሉኝ። ፖቶማክ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ግን እዚህ አካባቢ ይህ ነገር ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 2002 ጎረቤታችን ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሰው የለቀቃቸው የእስያ ዓሦች፣ ራሳቸው የእባብ ራስ የሚመስል፣ ኩሬ ውስጥ ተራብተው ተገኙ። መንግሥት ኩሬውን መርዝ ጨምሮ አጸዳው። በፈረንጆቹ 2004 ደግሞ ያው ዝርያ ፖቶማክ ውስጥ ተገኘ፣ እስከ ዛሬም አለ። የእኔዎቹ ሞቃት ውኃ ለምደዋል፤ የቨርጂኒያን ክረምት የሚችሉት አይመስለኝም። ቢሆንም የገዛሁትን አልጥልም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ1994 ዓ.ም. አገር ቤት ጭነት መኪና ስነዳ ጋምቤላ እመላለስ ነበር። ባሮ ዳር አንዲት ሴት ዓሣ ዘርግታ አየሁ። አንዱ ረዘም ያለ፣ ጀርባው ላይ ክንፎች የተደረደሩበት ነበር። ቢላዋ ቅርፊቱ ላይ ሲንሸራተት ቆሜ ሳቅሁና ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ እዚህ መስታወት ውስጥ ሳየው ነው ያስታወስኩት። ቢቺር ነበር። ባሮም ውስጥ ኦሞም ውስጥ አለ። እዚህ በዶላር የሚገዙት እዚያ በእሳት ይጠበሳል።

እና ጋምቤላ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በአኙዋ ወይም በኑዌር ይህ ዓሣ ምን ይባላል? ያንን ጊዜ ሴትየዋን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ዝግጅት ክፍሉም እርማቱን ሲያወጣ ስሙን አብሮ ቢያወጣልኝ ደስ ይለኛል።

ታክሲ ነጂው አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ