«ገጹን አሳይ»፦ የማንጋ ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በዚህ የትምህርት ዘመን በትምህርት ቤታችን ከተቋቋሙት ክበባት ሁሉ በአባላት ቁጥር ትንሹ የማንጋ ንባብ ክበብ ነበር። ማንጋ ጃፓኖች በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር ታሪክ የሚተርኩበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁርና በነጭ ብቻ የሚታተም፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ የመጽሐፍ ዓይነት ነው። ጥቅምት ላይ ክበቡን ለመክፈት ስጠይቅ ከባልደረቦቼ አንዱ «ደብረ ማርቆስ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የጃፓን ሥዕል ምን ያደርግለታል?» ብሎኝ ነበር። ጥያቄው በክፋት የቀረበ አልነበረም፤ የአማርኛ መምህር እንደ መሆኔ እኔም ለራሴ ደጋግሜ ያቀረብሁት ነው። ሆኖም ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው በስልካቸው የሚያነቡትን ጠጋ ብዬ ስመለከት፣ በክፍል ውስጥ አንድ ገጽ ልቦለድ አንብቡ ሲባሉ የሚያዛጉት ልጆች አንዱን ታሪክ እስከ ስድሳኛው ቅጽ ድረስ ሳይሰለቹ ተከትለውት እንደ ሄዱ ተረዳሁ። ስለዚህ ከጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው ለማንበብ ወሰንሁ።

ስብሰባችን ዘወትር ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ነበር። ከመጻሕፍቱ ከፊሉን ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን በእንግሊዝኛ ትርጉም ገዝቶ ላከልን፤ ከፊሉን ደግሞ አባላቱ በስልካቸው ይዘውት የመጡትን ተራ በተራ ተቀባበልን። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት የታተሙት ብቻ ይቀሩን ስለ ነበር፣ በዓመቱ ውስጥ ጠለቅ ያለው ንባባችን በእነርሱ ላይ የተደረገው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውይይታችን «አሪፍ ነው» እና «ይደብራል» ከሚሉት ሁለት ፍርዶች አላለፈም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ክበቡን እስከ ሰኔ የመራውን ደንብ አወጣን፤ ስለ አንድ መጽሐፍ አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ ያን አስተያየት ያሳደረበትን ገጽ ገልጦ ለሁላችን ማሳየት አለበት። ደንቡን ከሩቅ አላመጣሁትም። በዚህ በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በሌሎቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን መርምሮ ያርመዋል። እኛም «ገጹን አሳይ» ማለት ስንጀምር ወዳጅም ነቃፊም ከመናገሩ በፊት መጽሐፉን እንደገና መግለጥ ግድ ሆነበት።

ከቀኝ ወደ ግራ ማንበቡን ልጆቹ በአንድ ቀን ለመዱት፤ እኔ ግን ወር ፈጀብኝ። ይበልጥ ያከራከረን የድምፅ ቃላት ጉዳይ ነው። በማንጋ ውስጥ ድምፅ በትልልቅ ፊደል የሥዕሉ አካል ሆኖ ይጻፋል፤ ጃፓንኛ ደግሞ ድምፅ ለሌለው ነገር እንኳ ቃል አለው። ለሚያብረቀርቅ ነገር «ኪራ ኪራ» ይላሉ፤ ይህን ልጆቹ ወዲያው «ብልጭልጭ» ብለው ተረጎሙት። ባዶ ክፍል በተሣለበት ሳጥን (በገጹ ላይ በመስመር በታጠረ አንድ ሥዕል) ላይ ግን «ሺን» የሚል ቃል አገኘን፤ ይህም የጸጥታ ድምፅ ነው። በአማርኛ ምን እንበለው በሚለው ላይ ሙሉ ዓርብ አለቀ። «ጸጥታ» ተባለ፤ ነገር ግን እርሱ ስም ነው፤ አይሰማም። «ጭጭ» የሚለው ብዙ ደጋፊ አግኝቶ ሳለ፣ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ጭጭ የሚለው ሰው ነው፤ ቤት ግን እርጭ ነው የሚለው» አለች። ክርክሩ በዚያው ተዘጋ። «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄዱትን እንዲህ ያሉ ቃላት በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በአንዲት ቃል ላይ ግን ይህን ያህል በጥንቃቄ የተሟገተ ክፍል አይቼ አላውቅም።

ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ። አብዛኞቹ አባላት ይዘውት የመጡት ኤይቺሮ ኦዳ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚጽፈውንና ከ100 ቅጽ በላይ የሆነውን ዋን ፒስን ነው። ርዝመቱን ብቻ አይቼ ልተወው አስቤ ነበር። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን የ9ኛውን ቅጽ መጨረሻ ገልጦ አሳየኝ። ናሚ የተባለችው ልጅ ለዓመታት ብቻዋን የተሸከመችው መከራ ሲበረታባት መሬት ላይ ተንበርክካ እርዳታ ትለምናለች፤ ዋናው ባለ ታሪክ ሉፊ ደግሞ ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን የገለባ ባርኔጣውን አውልቆ ራሷ ላይ ያደርግላትና ወደ ጠላቶቿ ይሄዳል። በዚያ ባርኔጣ የተነገረው በንግግር ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይበቃውም ነበር። ስለዚህ ፍርዴን ለወጥሁ፤ ሆኖም የኋለኞቹ ቅጾች ሳጥኖች በሰውና በንግግር እጅግ ስለ ተጨናነቁ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል የሚለውን አስተያየቴን እስከ አሁን አልተውሁም። በ72 ቅጽ ስለ ተጠናቀቀው ናሩቶም የምለው ተመሳሳይ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዥዋዥዌ ላይ ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ከመጨረሻው ረጅም ጦርነት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ዴዝ ኖት ስሙ የተጻፈበትን ሰው ስለሚገድል ደብተር የሚተርክ፣ በ12 ቅጽ ያለቀ ታሪክ ነው። የአንዲት አባል አባት ይህን ሰምተው ሊያነጋግሩኝ መጡ፤ አብረን ተቀምጠን ልጃቸው የመጀመሪያውን ቅጽ ተረጎመችላቸው። እርሳቸውም የመጽሐፉን ብልሃት አልነቀፉም፤ ነገር ግን የታናናሾቹ ተማሪዎች ዕድሜ እንዲታሰብበት ጠየቁን። ከዚያ ወዲህ 11ኛና 12ኛ ክፍሎች ብቻ እንዲያነቡት አደረግን፤ አባትየው ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የሁለቱ ብልሆች የሐሳብ ግብግብ እስከ 7ኛው ቅጽ ድረስ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከዚያ በኋላ ያለውንም እንወደዋለን የሚሉ ነበሩ፤ ደንባችን ሲጠየቅ ግን ከመጨረሻዎቹ ቅጾች የሚያሳዩት ገጽ አላገኙም።

ከሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየንበት የሂሮሙ አራካዋ ሥራ ነው። ፉልሜታል አልኬሚስት የሞተች እናታቸውን ለማስነሣት ሞክረው አንዱ እጅና እግሩን፣ ሌላው መላ ሰውነቱን ስላጡ ወንድማማቾች የሚተርክ፣ በ27 ቅጽ የተፈጸመ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የቆመበትን ሕግ ልጆቹ «ተመጣጣኝ ልዋጭ» ብለው ተረጎሙት፤ በየመንደሩ እየዞሩ «ልዋጭ!» የሚሉትን ነጋዴዎች ለሚያውቅ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝም። ጸሐፊዋ በሰሜን ጃፓን በምትገኘው በሆካይዶ ደሴት፣ በወላጆቿ የወተት ላም እርባታ ያደገች ናት፤ በመጽሐፎቿም ራሷን የምትሥለው መነጽር ባደረገች ላም አምሳል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረችው የብር ማንኪያ የተባለው ሥራዋ ከዚያው ሕይወት የተቀዳ ነው። የሳፖሮ ከተማ ልጅ የሆነው ሃቺኬን የፈተና ፉክክርና የቤተሰቡ ጫና ሲያስመርረው ከቤት ለመራቅ ብሎ የግብርና ትምህርት ቤት ይገባል፤ በዚያም እንቁላል ከየት እንደሚወጣ አይቶ ይደነግጣል። በእኛ ክበብ ውስጥ ከማቻክልና ከስናን ወረዳዎች መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤታቸው እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ማንጋ ብዙ የሚናገሩት የከተማዎቹ ነበሩ፤ የብር ማንኪያ ሲከፈት ግን አስረጂዎቹ እነዚህ ሆኑ። የሃቺኬን ጓደኛ የኮማባ ቤተሰብ ዕዳ በዝቶበት ላሞቹ ሲሸጡ፣ ስለ ዕዳ ያብራራልን የማዳበሪያ ብድር በቤታቸው ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ልጅ ነበር።

ሃቺኬን ከግልገል አሳማዎች ሁሉ ትንሹን ለይቶ ይወድና «ቡታዶን» ይለዋል፤ ትርጉሙም በሩዝ ላይ የሚቀርብ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። እንስሳው አድጎ ሲታረድ በሠራበት ገንዘብ ሥጋውን ራሱ ይገዛዋል። አሳማ በአካባቢያችን ስለማይበላ ልጆቹ ይጸየፉታል ብዬ ሰግቼ ነበር። አንዲት ተማሪ ግን ሥጋውን የሚገዛበትን ገጽ ገልጣ፣ እጇን ከገጹ ላይ ሳታነሣ፣ ለፋሲካ ስለ ተገዛ አንድ በግ ነገረችን። ግንባሩ ነጭ ስለ ነበር ቦራ አለችው፤ ሁለት ወር ሙሉ የጠላ አተላ እያጠጣች ያደለበችውም እርሷ ናት። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጥብሱ ሲቀርብ አልበላችም። «ያልበላሁት ስለ ወደድሁት መስሎኝ ነበር፤ ሃቺኬንም ይወደዋል፤ ግን ይበላል። እኔ ለምን አልበላሁም?» ብላ ጠየቀችን። ከመካከላችን የመለሰላት የለም፤ እኔም ያን ዕለት ውይይቱን በዚሁ ከመዝጋት የተሻለ ነገር አልታየኝም። ዓመቱን ሙሉ ካነበብናቸው ለሥራ ይህን ያህል ክብር የሰጠ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ የግል ምርጫዬም እርሱ ነው።

በኬይጂ ናካዛዋ የተጻፈውን፣ ባዶ እግሩ ጌን የተባለውን መጽሐፍ ያነበብነው በየካቲት ነው። ናካዛዋ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 ከጠዋቱ 8፡15፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡15 መሆኑ ነው፣ በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱን፣ እህቱንና ወንድሙንም አጥቷል። በመጽሐፉ መጀመሪያ አባት ልጆቹን ተረግጦ ይበልጥ ሥር የሚሰድደውን ስንዴ እንዲመስሉ ይመክራቸዋል። አንድ ተማሪ «እኛም ለጤፍ መሬቱን በከብት እናስረግጣለን» ሲል ሌላው ወዲያው አረመው፤ እኛ የምናስረግጠው ከመዝራት በፊት አፈሩን ነው፣ እነርሱ የሚረግጡት የበቀለውን ቡቃያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ የአባትየው ምክር የሚከብደው ሕይወት ያለው ነገር ስለሚረገጥ ነውና። ሥዕሉ በዛሬ ዓይን ሻካራ ሊባል ይችላል፤ እንዲህ ላለ ምስክርነት ግን የተዋበ መስመር ቢሆን ኖሮ አልቀበለውም ነበር።

ድምፅ አልባ ድምፅ የተባለው የዮሺቶኪ ኦይማ ሥራ 7 ቅጽ ብቻ ነው። መስማት የተሳናትን የክፍል ጓደኛውን በልጅነቱ ያሠቃየ ልጅ አድጎ ሲጸጸት፣ ቀና ብሎ ሊያያቸው የማይችላቸው ሰዎች ፊት ሁሉ በኤክስ ምልክት ተሰርዞ ይታያል፤ ሲቀርባቸው ምልክቱ ይረግፋል። ዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ያየ ሰው ይህን አይቸገርበትም። የእኛ ሠዓሊዎች ደጉን ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን ይሥሉታል። ልዩነቱ የእኛው ሥዕል ስለ ተሣለው ሰው ሲናገር፣ የኦይማ ግን ስለሚያየው ልጅ ኅሊና መናገሩ ነው። ይህን ያስተዋለው ተማሪ የአብነት ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ እኔ አላስተዋልሁትም ነበር።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ ልለፍ። ለልጃገረዶች ከሚጻፉት መካከል ፍሩትስ ባስኬትን ያነበብን ሲሆን፣ እናቷ ከሞተች በኋላ በድንኳን የምትኖረው ልጅ መግቢያ ልብ ይነካል፤ የመካከሉ ቅጾች ግን አንድን ሐዘን ደጋግመው ስለሚያነሡ ደከምሁ። የስፖርት ክበብ አባላት ያመጡት ስላም ደንክ በበኩሉ በ31ኛው ቅጽ የመጨረሻውን የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ወሳኝ ቅጽበቶች ከሞላ ጎደል ያለ ንግግር ያሳያል። በዚያ ገጽ ላይ «እርጭ» የሚል ቃል እንኳ አልተጻፈም፤ ግን ይሰማል።

በወላጆች ቀን አባላቱ ጃፓኖች «ዮንኮማ» በሚሉት ባለ አራት ሳጥን ቅርጽ የየራሳቸውን ሥራ አቀረቡ። ከእነዚህ አንዱ የአውድማ ሥራ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳጥን በሬዎች እህሉን ያሄዳሉ፤ በሁለተኛው አንድ ገበሬ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ገለባው ሽቅብ ይነሣል። ተማሪው ሦስተኛውን ሳጥን እጅግ አጨናንቆት ስለ ነበር ገጹን አሳይቼው ሁለት ጊዜ እንደገና ሣለው። በአራተኛው ሳጥን ሰውም ከብትም የለም፤ በመሸበት ባዶ አውድማ ላይ በትልልቅ ፊደል «እርጭ» ተብሎ ተጽፏል።

የብር ማንኪያን 9ኛ ቅጽ ላይ አቁመናል። መስከረም ላይ ከ10ኛው እንቀጥላለን፤ አዲስ አባላትም ዓርብ በ9 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ሊያገኙን ይችላሉ።