የጃፓኑ ሬስሊንግ በወጌሻ ዓይን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። የመጀመሪያው ስኒ ለፊት ገጽ፣ ሁለተኛው ለስፖርት። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለተኛውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ስለ ጃፓን ሬስሊንግ አራት መስመር የማትሞላ ዜና አውጥታችሁ፣ መጨረሻዋ ላይ «ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ የውሸት ድብድብ» ብላችሁባታል። ውጤቱን አስቀድመው እንደሚስማሙበት አልክድም። «የውሸት» በምትለዋ ቃል ላይ ግን ዝም ብል የበላሁት እንጀራ ይታዘበኛል።

ለ27 ዓመት የእግር ኳስ ክለብ ወጌሻ ነበርኩ። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሮጠው፣ ተመልካች የሚስቅበት ሰውዬ እኔ ነኝ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ነገር አያስመሰግነውም። አንድ እሑድ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም 1 ለ 0 እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተከላካያችን ተዘረረ። ሮጬ ደረስኩ። ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይንፈራገጣል። ካልሲውን ዝቅ አድርጌ ዳበስኩት፤ እብጠት የለ፣ ወለምታ የለ። ዓይኑን ሳይገልጥ «ጋሼ፣ አይቸኩሉ፤ ውኃውን ቀስ አድርገው ያፍስሱት» አለኝ። አፈሰስኩለት። በማግሥቱ ጋዜጣ «በጉዳት ምክንያት ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋርጧል» ብሎ ጻፈ። የውሸት እግር ኳስ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ሬስሊንጉ ቤቴ የገባው እንዲህ ነው። ፒያሳ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙ ሳይርቅ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ልጅ ነበር። ለባለቤቴ የህንድ ፊልም ላስጭን እመላለስ ነበር። አንድ ቀን የኳስ ግጥሚያ ላይ ጣቱ ወልቆ አገኘሁትና እዚያው ባንኮኒው ላይ መለስኩለት፤ አላስከፈልኩትም። በ2009 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ስሄድ «ጋሼ፣ ከህንዱ ፊልም ሥር አንድ ነገር ጭኜልዎታለሁ፤ የሰውነት ነገር እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ይፍረዱ» አለኝ። ማታ ስከፍተው አምስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የጃፓን ሬስሊንግ ሆነ። ባለቤቴ የህንዱን ፊልም ያየችው በማግሥቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ዝግጅቱ «ሬስል ኪንግደም 11» ይባላል። የተደረገው ታኅሣሥ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶኪዮ ዶም ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 4 ቀን 2017 መሆኑ ነው። እኛ ለገና ሦስት ቀን ቀርቶን የዶሮ ዋጋ ስንጠያየቅ ማለት ነው። አዘጋጁ ኒው ጃፓን የተባለው ድርጅት ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው አንቶኒዮ ኢኖኪ። የኔ ዕድሜ እኩዮች ኢኖኪን ያስታውሱታል፤ በ1976 እ.ኤ.አ. መሐመድ አሊን ሪንግ ውስጥ ተኝቶ እግሩን በእርግጫ የጠለዘው፣ አሊንም ሆስፒታል ያስገባው እሱ ነው። ድርጅቱ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ 4 ቀን ቶኪዮ ዶም ላይ ያዘጋጃል። በዚያ ቀን 26,192 ተመልካች ገባ ተብሏል።

የጃፓን ተመልካች ሲያይ ዝም ይላል። መጀመሪያ ለቅሶ ቤት መሰለኝ። ቆይቶ ግን ገባኝ፤ ዝምታው ውስጥ ጀርባ ወለል ሲመታ ይሰማል። ሪንጉ ላዩ ሸራ ነው፣ ከሸራው ሥር ስስ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ሥር ጣውላ። ጣውላ ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ አልተነገረውም።

ስለ መጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች አላደክማችሁም። የነብር ጭምብል ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ተጋጠሙ፤ ለልጆች ነው። ቶሩ ያኖ የሚባል ቀልደኛ በሬስሊንግ እንደ ዋንጫ የሚቆጠረውን የሌላ ቡድን ቀበቶ ሰርቆ ወደ ግጥሚያው ገባና፣ ከቶሞሂሮ ኢሺ ጋር ተጣምሮ የሰረቀውን ቀበቶ በሕግ አሸነፈው። ሰርቆ ዋንጫ የሚሸለም ሰው ለማየት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እንለፈው።

ከኩሺዳና ከሂሮሙ ታካሃሺ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ኩሺዳ እጅ ነው የሚይዘው። የሰውየውን ክንድ በክርኑ አጥፎ ወደ ጀርባው ይጠመዝዘዋል፤ ትከሻ ከጎድጓዳው የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ስመልስ የኖርኩትን እሱ ያወጣዋል። ታካሃሺ በተቃራኒው ለራሱ የማይሳሳ ልጅ ነው። ከሪንጉ ጠርዝ ባላጋራውን ይዞ ወደ ወለሉ ሲወረወር፣ እንዴት ልውደቅ የሚለውን የሚያስበው አየር ላይ ከወጣ በኋላ ይመስላል። ቀበቶውን ወሰደ። እኔ የበሽተኞቼን ጉዳት በምጽፍበት አሮጌ ደብተር ላይ «ይህ ልጅ ለአንገቱ ይጠንቀቅ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ልማድ ነው።

ቀጥሎ ሂሮኦኪ ጎቶና ካትሱዮሪ ሺባታ መጡ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ትግልም የጀመሩት አብረው፣ በትምህርት ቤቱ ቡድን ነው። አብሮ አደግ እንዲህ ይማታል? ፊት ለፊት ቆመው በክርን፣ በእርግጫ፣ ተራ በተራ። አንዱ ሲመታ ሌላው ደረቱን ይሰጣል። የደረቱ መቅላት ቀለም አይደለም። ጎቶ አሸነፈ። አዘጋጅ ሆይ፣ ያሸንፋል መባሉን ያውቅ ነበር እንበል፤ ያንን ሁሉ ክርን የበላው ግን ማን ነው?

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ቴትሱያ ናይቶና ሂሮሺ ታናሃሺ። ታናሃሺ ድርጅቱን በክፉ ቀን በጀርባው የተሸከመ፣ ጸጉረ ረዥም፣ ተመልካች የሚወደው ሰው ነው። ናይቶ ቅያሜ ያለበት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ዶም ዋናውን ግጥሚያ ሊያደርግ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ተመልካቹ በድምፅ ምርጫ የሌሎቹን ግጥሚያ አስቀደመና የሱን ዝቅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ተለወጠ። በሙሉ ልብስ ሆኖ ይገባል፣ ልብሱን ለማውለቅ ዘመን ይፈጃል፣ የያዘውን ቀበቶ መሬት ላይ ይወረውራል። ጠላሁት፤ ደግሞም አልፈረድኩበትም። ክለብ ውስጥ ሳለሁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የቀረ ልጅ ፊት ላይ ያንኑ አይቼዋለሁ።

ሁለቱም የሄዱት ወደ ጉልበት ነው። እርግጫው ሎሚው ላይ፣ ጥምዘዛው ሎሚው ሥር ባለው ጅማት። ጉልበት የሚያውቅ ሰው ነው ያስተማራቸው አልኩ። አስመሳይ የሚነቃበትን አንድ መንገድ ልንገራችሁ፤ የሚያስመስል ተጫዋች ሲያነክስ ሰዉ ዘወር ሲልለት እግር ይቀይራል። ከስንት ተጫዋች ጋር የተጣላሁት በዚህ ነው! ስለዚህ ፍላሹን ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አየሁት። እግር አልቀየሩም። ሰውየው ሲሮጥ፣ ገመድ ላይ ሲወጣ፣ ተቃራኒውን ሲያነሣ ያው እግር ነው የሚሳሳው። ናይቶ አሸነፈ። ታናሃሺ ወለሉ ላይ ቀረ። እኔ ዳኛ ብሆን የዕለቱ ምርጥ ብዬ የምጽፈው ይህንን ነው።

ዓለም ግን የጻፈው ሌላውን ነው። የመጨረሻው ግጥሚያ፣ ካዙቺካ ኦካዳና ካናዳዊው ኬኒ ኦሜጋ፣ 46 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ፈጀ። የኳስ ሰው ነኝና በኳስ ልቁጠረው፤ ከአንድ ሙሉ አጋማሽ ይበልጣል፣ ያውም ያለ ተቀያሪ። ኦካዳ ሲገባ ከላይ የራሱ መልክ ያለበት የወረቀት ብር ይዘንባል። ለአዝማሪ ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ ማየት ለለመድን አያስደነግጠንም፤ ባለቤቴ ግን «ማን ሊጠርገው ነው?» አለች።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቀርፋፋ ነው፤ ለዚህ ኮከብ አልሰጥም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ውድቀቶች አሉ። ኦካዳ ኦሜጋን በጀርባው ሽቅብ አሽቀንጥሮ በላይኛው ገመድ አናት ላይ ወደ ውጭ ጣለው፤ ውጭ የተዘረጋ ጠረጴዛ ነበር፣ ተሰበረ። ትንፋሼን ያዝኩ። ቆይቶ ደግሞ ኦሜጋ በተራው፣ የሪንጉ ማዕዘን ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ኦካዳን ከኋላ በሁለቱ ብብቶቹ ቆልፎ ወደ ኋላ ወረወረው። ኦካዳ ያረፈው በማጅራቱ ነው። ያን ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ቦርሳዬን ፍለጋ ይመስለኛል። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ቦርሳ የለኝም።

ኦሜጋ ሁሉን የሚጨርስበት አንድ አጣጣል አለው፤ ተቃራኒውን ትከሻው ላይ አስቀምጦ በአናቱ የሚያወርድበት። በ46ቱ ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ሞከረው፤ አንዴም አልተሳካለትም። ኦካዳ በበኩሉ የሰውየውን እጅ አንጓ ይዞ ወደ ራሱ ይስብና በክንዱ ደረቱንና አንገቱን ይመታዋል። ያችን አንጓ ሳይለቅ ነው ያሸነፈው። ዴቭ ሜልትዘር የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ከአምስት ኮከብ ስድስት ሰጠው፤ ሰዉም እስከ ዛሬ ስለ ስድስተኛው ኮከብ ይከራከራል። ስድስተኛው ኮከብ የማጅራቱ ከሆነ እኔ አልፈርምም። ማጅራት ሲወለቅ ወጌሻ አይመልሰውም፤ ለዚህ ብዬ በሽተኛ ሳልነካ በቀጥታ ጥቁር አንበሳ የላክሁባቸው ቀናት አሉ።

ጃፓኖች የመውደቅን ጥበብ ኡኬሚ ይሉታል፤ ከጁዶ የመጣ ነው። አገጭ ደረት ላይ ይጣበቃል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ እጆች ወለሉን በጥፊ ይመታሉ፤ ውድቀቱ በጀርባ ሙሉ እንዲከፋፈል። ጀማሪዎቹ ይህንኑ ሲለማመዱ ይከርማሉ፤ በግጥሚያ ቀንም ሪንጉ ዳር ቆመው በረዶ ያቀብላሉ። እነሱን ሳይ የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል። ቢሆንም ጥበቡ ሁልጊዜ አያድንም። በአወዳደቁ የሚደነቀው ሚትሱሃሩ ሚሳዋ በ2009 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ውስጥ በጀርባው ተወርውሮ በዚያው ቀን ሞተ፤ 46 ዓመቱ ነበር።

አሁን ከዚያ ምሽት በኋላ የሆነውን አንብቡልኝ። ያን ቀን እነ ያኖ ባሸነፉበት የጥንድ ግጥሚያ ውስጥ የነበረው ቶሞኣኪ ሆንማ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ማርች 3 ቀን፣ ኦኪናዋ ላይ በአናቱ ወድቆ የአንገቱ ነርቭ ተጎዳ። ወደ ሪንግ ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። አፕሪል 9 ቀን ደግሞ ሺባታ፣ ያ ደረቱን ሲሰጥ የነበረው፣ ከኦካዳ ጋር ሲጋጠም በግንባሩ ግንባር መታ። ድምፁን ብትሰሙት! ግጥሚያውን ጨርሶ ከመድረኩ ጀርባ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ተገኘና በቀዶ ሕክምና ተረፈ። በዓመቱ፣ ጁላይ 7 ቀን 2018፣ ሂሮሙ ታካሃሺ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አንገቱ ተሰበረ። አንገቱ ተሰብሮም ግጥሚያውን አሸንፎ ነው የወጣው፤ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበራ! ወሬውን የነገረኝ ያው የፒያሳ ልጅ ነው። ቤት ሄጄ ደብተሩን አወጣሁ፤ የጻፍኳትን መስመር አንብቤ ዘጋሁት። ለባለቤቴም አላሳየኋትም።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ሬስሊንግን ስፖርት በሉት አልልም፤ የፈለጋችሁበት ገጽ አውጡት፣ ከቴአትር አጠገብም ይሁን። ውጤቱ የተመከረበት ነው ማለታችሁንም አትሰርዙ። «የውሸት ድብድብ» የምትለዋን ብቻ አርሙልኝ። ቦታ ካጣችሁ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ትታችሁ ማረሚያዋን ብቻ ብታወጡ አልቀየምም።

ያ የፊልም ቤት ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ ልጁ የት እንደገባ አላውቅም። ፍላሹ ግን እኔ ዘንድ አለ። ለስፖርት ክፍላችሁ ላመጣው እችላለሁ፤ ኮምፒውተራችሁ ቫይረስ የሚፈራ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ፍላሹ ያላየው የፒያሳ ኮምፒውተር የለም። የህንዱም ፊልም ስላለበት እንዳታጠፉብኝ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ወጌሻ፣ ከለገሃር
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ይሁን)